የሕፃናት መምህርና የነፃ ሰው ዕውቀት

ሕፃንን ለማስተማር ምን ያህል ማወቅ ያስፈልጋል? ጥያቄው ሲቀርብልን አብዛኞቻችን መልሱን በአፋችን አንናገረውም እንጂ በልባችን ይዘነዋል፤ ይኸውም ከሕፃኑ ጥቂት በለጥ ማለት ይበቃል የሚል ነው። በአደባባይማ መምህርን ራሱን አቅልጦ ለሌላው ከሚያበራ ሻማ ጋር እናመሳስለዋለን። (ሻማ ቀልጦ የሚያልቅ ነገር መሆኑን፣ ማንም ወላጅ ልጁ ሻማ እንዲሆንለት ተመኝቶ እንደማያውቅ ግን ልብ አንልም።) እውነተኛውን እምነታችንን ለማወቅ ከፈለግን የምንናገረውን ትተን ማንን ወዴት እንደምንልክ መመልከት አለብን። ለብዙ ዓመታት በአገራችን በአሥረኛ ክፍል ፈተና ወደ መሰናዶ የሚያሳልፍ ውጤት ላላገኘ ወጣት ይከፈቱለት ከነበሩት በሮች አንዱ የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ ሊያጠና ይሄዳል፤ ዝቅ ላለው ደግሞ ገና ቅርፅ ያልያዘ የሰው አእምሮ ይሰጠዋል።

ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ በሐሳብ ብቻ ሳውቀው ኖሬ በዐይኔ ያየሁት መልካ ወረር ላይ ነው። መልካ ወረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ የአፋር ከተማ ናት። ከሩቅ የምትታወቀው በጥጥ እርሻዋና በእርሻ ምርምር ጣቢያዋ ነው። የሄድኩት ልጽፈው ላሰብኩት ተውኔት የሰው ወግ ለመስማት ሲሆን፣ ወቅቱም የ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ነበር። አንባቢ እንደሚያስታውሰው በዚያ ዓመት ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ በታኅሣሥ ማብቂያ ዶፈን ላይ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ፈንድቶ ወጣ፤ በመለኪያ ከ5 በላይ የሆነው ንውጽውጽታ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎችም ቤታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ።

ከአንድ ወጣት መምህር ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ስናወጋ ነገሩን ያመጣው እሱ ነው።

«መስከረም ላይ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ሌሊት መሬቱ ነቀነቀን። ጠዋት ክፍል ስገባ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና ‹መምህር፣ መሬት ለምን ትንቀጠቀጣለች?› አለኝ። እኔ የሠለጠንኩት በቋንቋ ነው። ‹ይህ የሳይንስ መምህሩ ጥያቄ ነው› አልኩት። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እሳቸውን ጠየቅኋቸው፤ የኅብረተሰብ መምህሩን ጠይቅ አሉኝ።› ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አፈርኩና ‹በል አይዞህ፣ ሁለተኛ አይመጣም› ብዬ አስቀመጥኩት።»

ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛም መጣ።

«ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ እጁን አውጥቶ አያውቅም» አለ መምህሩ፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እያዞረ።

ጥፋቱ የት ላይ ነው? አለማወቁ ጥፋት አይመስለኝም። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሊቅ በዓለም ላይ የለም፤ ሊቁም ተጠይቆ «አላውቅም» ይላል። ነገር ግን «አላውቅም» ሁሉ አንድ አይደለም። ሊቁ አላውቅም የሚለው የሚያውቀውን ከተናገረ በኋላ ነው። አፋር የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የሚባሉት የምድር ቅርፊት ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚላቀቁበት መጋጠሚያ መሆኑን ይናገራል፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚያው በአፋር ምድር፣ ዳባሁ በተባለው ስፍራ፣ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ መላቀቁን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የዕውቀቱን ድንበር በጣቱ ጠቁሞ «ከዚህ ወዲያ አላውቅም» ይላል። ለዚህ ወጣት ግን ድንበሩ የት እንደሆነ ያሳየው ሰው አልነበረም። ድንበሩን የማያውቅ ሰው ሲጠየቅ ዝም ከማሰኘት ወይም ከመዋሸት ሌላ መውጫ የለውም። የእኛ መምህር ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈጸመ፤ ያውም ከርኅራኄ የተነሣ።

ርኅራኄው ውሸቱን አያነጻውም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። እናትም ልጇን በጭለማ «አይዞህ፣ ምንም የለም» ትላለች፤ ማንም ዋሾ አይላትም። የእናት አይዞህ ግን እቅፍ ነው፤ ልጁ የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን ክንዷን ነው። የመምህር ቃል ምስክርነት ነው። ደግሞም የዚያ ልጅ አገር የቃልን ዋጋ የሚያውቅ አገር ነው። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተላልፈው አይሄዱም፤ ቆም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብለው፣ ዳጉ ይቀባበላሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙና ስለ ጠቡ ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ። ያልሆነውን ሆነ ማለት በዳጉ ትልቅ ነውር ነው፤ ምክንያቱም በበረሃ የአንዱ ሐሰት የሌላውን ከብት ውኃ ወደሌለበት ይነዳል። ልጁ ከእንዲህ ዓይነት ቤት ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደና በኖራና በጥቁር ሰሌዳ መካከል ያልታመነ ቃል ሰማ። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን ሲነሡ ቶሎ የሚጠራው ቃል ፔዳጎጂ ነው። የቃሉ ታሪክ ያስገርማል። በጥንታዊ ግሪኮች ዘንድ ፔዳጎጎስ ማለት የጌታውን ልጅ እጁን ይዞ ከቤት ወደ መምህሩ የሚያደርስ ባሪያ ነበር። መንገዱን ያውቃል፤ ከበሩ ወዲያ የሚሰጠውን ትምህርት ግን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። በአንጻሩ ሮማውያን አርቴስ ሊበራሌስ፣ ማለትም ለነፃ ሰው የሚገቡ ጥበባት ያሏቸው ነበሩ፤ በመካከለኛው ዘመንም ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ ሥነ ንግግር፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሥነ ፈለክና ሙዚቃ ተብለው በሰባት ተቆጠሩ። ዛሬ ሊበራል ስተዲስ በሚል ስም የሚሰጠው የኮሌጅ ትምህርት የዚያ የልጅ ልጅ ነው። የእነዚያ ነፃ ሰዎች ነፃነት በሌላው ባርነት ላይ የቆመ እንደነበር አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ቃላት መካከል ለሕፃናት መምህር የመረጥንለት የትኛውን እንደሆነ ስናይ ልናፍር ይገባል። እጅ ይዞ የመውሰድን ዘዴ አስተማርነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ለሌሎች አስቀመጥነው።

ይህ ልማድ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። በአብነት ትምህርታችንም ቢሆን ፊደል የሚያስቆጥረው መሪጌታ ክብር የቅኔውን ወይም የመጻሕፍቱን መምህር ክብር ያህል ሆኖ አያውቅም። ፊደል ማስቆጠር ለጀማሪው ደቀ መዝሙር ቢተውም የሚገረም አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ይህን ተዋረድ ወርሶ በሠርቲፊኬት፣ በዲፕሎማና በዲግሪ ሰየመው። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ለማስተማር ከአሥረኛ ክፍል በላይ የአንድ ዓመት ሥልጠና ይበቃ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ኋላ ግን ሦስት ዓመት እንዲሆን ተደረገ። መምህራኑ ሰልፍ ኮንቴይንድ በሚሉት አሠራር አንዱ መምህር ሁሉንም ትምህርት ለአንድ ክፍል ያስተምራል። ነገሩን ልብ ብለን ካየነው በአገሪቱ የትምህርት መሰላል ላይ ከሒሳብ እስከ ሥዕል፣ ከቋንቋ እስከ ተፈጥሮ ሁሉን እንዲያውቅ የሚገደደው ሰው ይህ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አንድ ነገር ቢያውቅ ይበቃዋል! ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያውን ዓመት መልሰው ለጋራ ትምህርት አውለውታል፤ መሐንዲስ የሚሆነውም ሎጂክን፣ የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊና አንትሮፖሎጂን ይቀምሳል። መልካም ነው። ግንበኛ ለሚያዘው ሰው ሎጂክ ካስፈለገው፣ «ለምን?» የሚሉ ስድሳ ልጆች ፊት ለፊት ለሚቆመው እንዴት አያስፈልገውም?

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ የተለያየ መንገድ ይዟል። በካሊፎርኒያ የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚሹ ብዙ ተማሪዎች ሊበራል ስተዲስ የተባለውን ዲግሪ ያጠናሉ፤ ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ ሒሳብን፣ ተፈጥሮንና ኪነ ጥበብን በአንድነት የያዘ ነው። ፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የትንንሽ ልጆች መምህር የማስተርስ ዲግሪ እንዲኖረው ደንግጋለች። እነሱ ሀብታም ናቸው የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ሰምቶ «ለአንደኛ ክፍል ልጅ ሶቅራጥስ ምን ይሠራለታል? ሀ ሁ ያስቆጥሩት፤ ደመወዛቸውን ደግሞ በወቅቱ ይክፈሏቸው» አለኝ። ወዳጄ የዋዛ ሰው አይደለም፤ ከተናገረውም ግማሹን እቀበላለሁ። ማንበብ ማስተማር ራሱን የቻለ ብልሃት ነው፤ ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት እያወራ ፊደል ማስያዝ ያቃተው መምህር ለልጁ ጥፋት ነው። የወር ደመወዙ ከወር የማያደርሰው ሰውም ስለ ሰባቱ ጥበባት ሲነገረው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ወዳጄ የሳተው ግን አንድ ነገር አለ፤ ስፋት ያለው ዕውቀት ከኑሮ የራቀ ጌጥ መስሎ ታየው። ከመልካ ወረር ይልቅ ይህን የሚያስተባብል ስፍራ አላየሁም።

በዚያ የሚኖር ልጅ ከቤቱ ሲወጣ የሚያጋጥሙትን ነገሮች እስቲ እንቁጠር። በመልካ ሰዲና በአሚባራ እርሻዎች ላይ ጥጥ ያበቅል የነበረ መሬት ጨው ለብሶ ነጥቷል። ለምን? የመስኖው ውኃ ማፋሰሻ በሌለው መሬት ሲሰርግ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ይላል፤ ውኃው ወደ ላይ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ውኃውን ትወስድና ጨውን ትታ ትሄዳለች። ይህ ኬሚስትሪ ነው። ነገር ግን መስኖው በማን ትእዛዝ፣ ከማን ግጦሽ ላይ ወጣ ተብሎ ሲጠየቅ ታሪክና ሕግ ይሆናል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው እሾሃማ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው፤ ዛሬ ሣሩን አጥፍቶ ከብቱን ከግጦሹ አስወጥቷል። አፋሮች በአንዱ ስሙ የደርግ ዛፍ ይሉታል። የዛፉ ጠባይ የሥነ ሕይወት ትምህርት ነው፤ ስሙ ግን ቅኔ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ የሚያስተምር ሰው ዛፉን አላስተማረም። ከዚያ ወረድ ብሎ በመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ በተባለ ስፍራ፣ 160,000 ዓመት ያህል የሆነው የሰው ራስ ቅል መገኘቱ በ1995 ዓ.ም. ለዓለም ተነግሯል። አዋሽም ራሱ ወደ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ይህም አንድ የልጅ ጥያቄ ነው።

ያ ወጣት መምህር በሠለጠነበት በቋንቋውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የአፋር ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ነው። አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል ተምረዋል ማለት ነው። «ይህን ልጆቹ ጠይቀውህ ያውቃሉ?» ስል ጠየቅሁት። «ይጠይቃሉ» አለኝ። «ምን ትላቸዋለህ?» ሳቅ ብሎ «ለፈተና አይመጣም እላቸዋለሁ» አለ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ትክ ብሎ አየኝና «እርስዎስ፣ ጋሼ? ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ያ ልጅ ቢጠይቅዎ ምን ይሉት ነበር?» አለኝ። እኔም ደህና አድርጌ ጀመርኩ፤ የምድር ቅርፊት፣ የሦስቱ ክፍሎች መላቀቅ፣ ከሥር የሚገፋው የቀለጠ ድንጋይ። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ለምን ይላቀቃሉ?» አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። «እሱን አላውቀውም» አልኩት።

«እንዲህ ይባላል እንዴ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም።

ኋላ እንደ ነገረኝ፣ ኅዳር ላይ ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ ከግራር ሥር አስቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ በሌሊቱ መንቀጥቀጥ ያየውንና የሰማውን፣ ልክ እንደ ዳጉ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲናገር አደረገ። አንዷ ፍየሎቻቸው አስቀድመው መጮኻቸውን፣ ሌላው የግድግዳቸው ስንጥቅ በስንዝር ስንት እንደሆነ ተናገረ። መምህሩም ሁሉንም በደብተሩ ጻፈው። ያ የመጀመሪያው ጠያቂ በዚያ ቀን አልነበረም፤ ቤተሰቡ አካባቢውን ለቆ ሄዷል።

ስለያየው አንድ ነገር ለመነኝ፤ ስለ ምድርና ስለ እሳተ ገሞራ ለልጅ የሚነበብ፣ በአማርኛ ወይም በአፋርኛ የተጻፈ መጽሐፍ እንድልክለት። አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ የማውቃቸውን መጻሕፍት መደብሮች ዞሬአለሁ። የፈተና መለማመጃ በየመደርደሪያው አለ። እሱ የጠየቀኝን ዓይነት ግን እስከ ዛሬ አግኝቼ አልላክሁለትም።