ስለ ሰዓት ስሕተትና ስለ ሰው ታማኝነት

በፎገራ ሜዳ የሚኖር ገበሬ ጊዜን የሚያውቀው በፀሐይ ነው። ማለዳ በሬዎቹን ሲጠምድ፣ ሲደክሙም ሲፈታ፣ ማታ ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ሰዓት አይጠይቅም። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ ውኃው ሲጎድል፣ ሩዙ ሲዘራና ሲታጨድ ይህ ሁሉ በሰከንድ አይቈጠርም። በወረታ ከተማም ሰዓት የሚፈልግ ሰው ቢኖር በኪሱ ያለው ስልክ ይነግረዋል። እንግዲህ በዚህ አገር አንድ ሰው ተነሥቶ፣ በቤቱ ጓዳ ሞርሳና ሞረድ አኑሮ፣ በቀን አንዲት ሰከንድ እንኳ የማይስት ባለ ፔንዱለም ሰዓት በገዛ እጄ እሠራለሁ ቢል ምን እንለዋለን? ዕድሜውን በከንቱ ያባክናል እንበልን ወይስ የሚገባ ሥራ ያዘ እንበል? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሥራው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፔንዱለም ማለት ከላይ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ፣ በታች ጫፉ ክብደት ያለው ዘንግ ነው። ሁይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1656 ዓመት (ዓመታቱን በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) ይህን ዘንግ የሰዓት ገዢ ባደረገው ጊዜ፣ ቀድሞ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይስት የነበረው መሣሪያ ስሕተቱ ወደ ሩብ ደቂቃ ገደማ ዝቅ አለ። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር በአንዲት ሰከንድ የሚደርስ ፔንዱለም ርዝመቱ 99 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀንና ሌሊትም 86400 ጊዜ ይመላለሳል። የአንድ ሚሊሜትር አርባኛ እጅ ያህል ብቻ ቢረዝም፣ ይህም ከራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው፣ ሰዓቱ በቀን አንድ ሰከንድ ያህል ይዘገያል።

ከዚህም የተነሣ ሠሪው የሚታገላቸው ጠላቶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው፤ የዘንጉ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ጨምሮ ቢቈይ ሰዓቱ በቀን 5 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛው መሬቱ ነው። የፎገራ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ ግድግዳ ጥቂት በጥቂት ያዘነብላል፣ በግድግዳው የተሰቀለውም ሰዓት አብሮት ያዘነብላል። ስለዚህ ሠሪው ከመንኰራኵሩ አስቀድሞ ጥልቅ መሠረት ቈፍሮ የድንጋይ ዓምድ ማቆም አለበት። ሦስተኛው ራሱ የመንኰራኵሩ ግፊት ነው፤ ፔንዱለሙ እንዳይቆም በየጊዜው ጥቂት መገፋት ይገባዋል፣ ግፊቱም እኩል ካልሆነ አካሄዱን ያውከዋል።

ልኩንም ከመጽሐፍ ገልብጦ መገላገል አይቻልም። በለንደን የተስተካከለ ፔንዱለም ወደ ወረታ ቢመጣ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል፤ ወረታ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕርም 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የምድር ስበት በዚያ ጥቂት ያንሳልና። ሠሪው የራሱን አገር ልክ በራሱ ቤት መርምሮ ማግኘት ግዴታው ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ከተፈጸመ በኋላም ስሕተት የሌለበት ሰዓት አይገኝም። ታዲያ ሊቃውንት መልካሙን ሰዓት ከክፉው የሚለዩት በምንድን ነው? ሁለት ሰዓቶች አሉ እንበል። አንደኛው በየቀኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ 3 ሰከንድ ይዘገያል። ሁለተኛው ዛሬ አንድ ሰከንድ ይፈጥናል፣ ነገ ሁለት ይዘገያል፣ በሦስተኛው ቀን ልክ ይሆናል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ስሕተቱ ያነሰ ይመስለዋልና። ሊቃውንት ግን የፊተኛውን ይመርጣሉ። ከ100 ቀን በኋላ የፊተኛው 300 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል፤ ባለቤቱም ያን ደምሮ እውነተኛውን ጊዜ ያውቃል። የሁለተኛው ግን በመቶኛው ቀን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሰውም እንዲሁ ይመስለኛል። ቍጣ እንደሚያሸንፈው የሚያውቅ፣ ለባልንጀራውም «በተቈጣሁ ቀን አትመካከረኝ» ብሎ አስቀድሞ የሚናገር ሰው አለ፤ ከእርሱ ጋር ቤት መሥራት ይቻላል። ዛሬ ደግ፣ ነገ ጨካኝ የሆነውን፣ ለምን እንደ ተለወጠም ራሱ የማያውቀውን ሰው ግን በየትኛው ቀኑ እንመነው?

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። በገበያ ሩዝ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ፣ ሚዛኑ ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም ያጎድላል እንበል። ስሕተቱ የማይለወጥ ነው፤ ነጋዴውም አሳምሮ ያውቀዋል። እንግዲህ ይህን ሚዛን መልካም ሚዛን ልንለው ነውን? አይሆንም፤ የገዛችው ሴት ልጆቿን የምታበላው ከጎደለው ነውና። የማይለዋወጥ ስሕተት ብቻውን ታማኝነት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ስሕተቱን የሚያውቀው አንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ሌብነት ነው፤ ሁለቱም ወገን ሲያውቁት ግን ሒሳብ ነው። «ሚዛኔ 50 ግራም ያጎድላል፤ ስለዚህ ይህን ያህል እጨምርልሻለሁ» ያለ ነጋዴ ማንንም አልበደለም።

መናገሩም ከፈተናው በፊት መሆን አለበት። ዮሐንስ ሐሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ አናጢ ነበር። ፔንዱለም በመርከብ ላይ ስለማይሠራ ለባሕር ጕዞ የሚሆን ሌላ ዐይነት ሰዓት ሠራ። በ1761 መጨረሻ ሰዓቱ ወደ ጃማይካ ተላከ፤ በየቀኑ የሚዘገየው ከታሰበለት በኋላ ስሕተቱ 5 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዳኞቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ከምክንያታቸውም አንዱ የየቀኑ መዘግየት ልክ ከጕዞው በፊት አልተነገረም የሚል ነበር። በ1764 ወደ ባርባዶስ በተደረገው ሁለተኛ ፈተና ሰዓቱ በቀን አንድ ሰከንድ እንደሚፈጥን አስቀድሞ ተነገረ፤ ስሕተቱ 39 ሰከንድ ያህል ሆነ፤ ለሽልማቱ የተፈቀደው ግን 2 ደቂቃ ነበር። በቍጥር ቢታይ የፊተኛው ያማረ ነው፤ በእምነት ቢታይ ግን ሁለተኛው ይበልጣል። ከጥፋት በኋላ የሚነገር ምክንያት እውነት ቢሆን እንኳ እንደ ማመካኛ ይሰማል።

ስሕተትን በታማኝነት መጻፍ ምን እንደሚያፈራ ደግሞ ሪሼ የተባለው ፈረንሳዊ ያስተምረናል። በ1672 በደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ወደ ካየን ሄዶ፣ በፓሪስ የተስተካከለው ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲዘገይ አገኘው። «መሣሪያዬ ተበላሸ» ብሎ አፍሮ መሸሸግ ይችል ነበር። እርሱ ግን ያየውን እንዳየው ጻፈ። ኋላም ኒውተን ምድር በወገቧ በኩል ጥቂት ያበጠች መሆኗን ሲያስረዳ ይህን መዘግየት ምስክር አደረገው። ሰዓቱ የሳተ መስሎ ስለ ምድር ቅርጽ እውነት ተናግሮ ነበር።

አሁን ወደ ወረታው ሠሪ እንመለስ። ሐሪሰን በወጣትነቱ በባሮው መንደር ባለ ፔንዱለም ሰዓቶቹን ሲፈትን፣ ኮከብ ከመስኮቱ ጠርዝ አልፎ ከጎረቤቱ ቤት ጭስ መውጫ ጀርባ የሚሰወርበትን ቅጽበት ይጠብቅ ነበር፤ ኮከብ በየሌሊቱ ካለፈው ሌሊት 3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ቀድሞ ይሰወራልና። የዛሬው ሠሪ በስልኩም ሊያመሳክር ይችላል። ምስክሩ ማንም ቢሆን ግን ውጤቱን በመዝገብ የሚጽፈው እርሱ ብቻውን ነው። አንድ ዓመት ሞርዶ፣ አንድ ዓመት አስተካክሎ፣ አንድ ሌሊት ሰዓቱ 4 ሰከንድ ስቶ ያገኘዋል። ቤተ ሰቡ ተኝቷል፤ የሚያየው የለም። በጣቱ ጥቂት ነክቶ ልክ አድርጎ በመዝገቡ ባዶ ቢጽፍ ማን ይከስሰዋል?

የሚከስሰው ራሱ ሰዓቱ ነው። ያ 4 ሰከንድ የመጣው ከሙቀት ይሁን ከዋልካው ማበጥ የሚታወቀው በመዝገቡ ነው፤ መዝገቡ ከዋሸ ምክንያቱ ለዘለዓለም ተሰወረ፣ ሰዓቱም ከሁለተኛው ዐይነት ጋር ተቈጠረ። ራሱን ያታለለ ሠሪ ያታለለው ዕቃውንም ጭምር ነው።

ትንሽ ነገር ንቆ መተው አይገባም የሚለው ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት ከፍለው ይቈጥራሉ፤ አንዲት ሣልሲትም የሰከንድ እኩሌታ አትሞላም። በዓመት ትርፍ የሆነው 15 ኬክሮስ ቢናቅ ኖሮ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ባልሆነች፣ ዘመኑም ከወቅቱ በተለየ ነበር።

እንግዲህ ወረታ ሰከንድ አያስፈልጋትም ላለ ሰው መልሴ ይህ ነው። ሰከንዱ ባያስፈልግ እንኳ፣ ሌሊት ብቻውን ሆኖ የገዛ ስሕተቱን በቀለም የሚጽፍ ሰው በማንኛውም ከተማ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው ነገ በሚዛን ላይ ቢቀመጥ፣ በሽምግልና ቢጠራ፣ የሕዝብ ገንዘብ ቢጠብቅ፣ እጁ የለመደውን ያደርጋል። ሰዓቱን ባይፈጽመው እንኳ መዝገቡን አይቶ ሌላው ይቀጥለዋል።