ያልታረቀ ልብ የጻፈው ደብዳቤ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ47 ዓመት፣ በሮማውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን፣ ማርከስ ሲሴሮ 59 ዓመት ሞላው። ሮምን በቆንስልነት የመራው፣ በአንደበቱ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ይህ ሰው ልደቱን ያሳለፈው በደቡብ ኢጣሊያ ወደብ በብሩንዲዚየም፣ ከተሸናፊዎች ወገን ሆኖ፣ የጁሊየስ ቄሳርን ምሕረት እየጠበቀ ነበር። በዚያው ቀን ለወዳጁ ለአቲከስ በጻፈው ደብዳቤ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ አለዚያም እናቱ ከእሱ በኋላ ሌላ ልጅ ባትወልድ ኖሮ ብሎ ይመኛል።

ከእሱ በኋላ የተወለደው ኩዊንተስ ነው።

ወንድማማቾቹ ከልጅነት ጀምሮ የተናናቁ አልነበሩም። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 በፖለቲካ ጠላቶቹ ተገፍቶ ሲሰደድ፣ ለመመለሱ ደፋ ቀና ያለው ኩዊንተስ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በሮም አደባባይ ብጥብጥ ሲነሣ በሬሳ መካከል ተደብቆ ነው ነፍሱን ያተረፈው። በኋላም በጎል ምድር በቄሳር ሥር አዛዥ ሆኖ አገለገለ፤ በ54 ክረምት የጠላት ጦር ሰፈሩን ከብቦ ሲያስጨንቀው ሳይበገር ቆይቶ ስም አትርፏል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ታላቁ ወደ ቄሳር ባላጋራ ወደ ፖምፔ ሄደ፣ ታናሹም ተከተለው። በ48 ፋርሳለስ ላይ ፖምፔ ሲሸነፍ፣ ኩዊንተስ የቀድሞ የጦር አለቃውን ቄሳርንም ተስፋውንም በወንድሙ የተነሣ እንዳጣ አሰበ። ፓትራስ ላይ ክፉኛ ተጣልተው ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መጣላት ብቻ አይደለም። ኩዊንተስ ልጁን ወደ ቄሳር ላከ፤ ልጁ ለአባቱ እንዲለምን ብቻ ሳይሆን አጎቱን እንዲከስም ጭምር። ሲሴሮ ደግሞ ብሩንዲዚየም ላይ ከኩዊንተስ የተላከ አንድ የደብዳቤ ጥቅል እጁ ገባ። ለእሱ የተጻፈ ይኖር እንደሆነ ብሎ ፈታው፤ አልነበረም። እዚያው ከተማ ላሉት ለቫቲኒየስና ለሊጉሪየስ የተጻፉትን ላከላቸው። ሁለቱም ንዴት እያንጨረጨራቸው እየሮጡ መጥተው አነበቡለት፤ ከላይ እስከ ታች በእሱ ላይ የተዘረገፈ ስድብ ነው። ሲሴሮ የቀሩትንም ከፈተ። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ።

የሰው ደብዳቤ መክፈት በየትኛውም ዘመን ነውር ነው፤ ሲሴሮ ግን የሰጠው ምክንያት ይገርማል። ይህ ክፋት ቢታወቅ የሚዋረደው ኩዊንተስ ራሱ ነው ብሎ ሰጋ። ጥቅሉን ለአቲከስ ላከና፣ ለኩዊንተስ የሚበጀው መድረሳቸው ከመሰለህ አድርስ፣ እኔን የሚጎዳኝ የለም የሚል መልእክት አከለበት። ማኅተሙ መሰበሩ እንዳያሳስበው የአቲከስ እህት የሆነችው የኩዊንተስ ሚስት ፖምፖኒያ የባሏ ማኅተም ሳይኖራት እንደማይቀርም ጠቆመው። በወንድሙ መወለድ የሚማረርበት ደብዳቤና የወንድሙን ገመና የሚሸፍንበት ደብዳቤ አንድ ናቸው፤ ቀኑም አንድ ነው።

ሁለት ወር ቆይቶ የበለጠ አደረገ። ሲሴሮን ወደ ፖምፔ እንዲሄድ የገፋፋው ኩዊንተስ ነው የሚል ቅሬታ ከቄሳር በኩል ተሰምቶ ነበር። ዝም ቢል ጥፋቱ ከእሱ ወርዶ በከዳው ወንድሙ ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበር፤ በቀሉን ያለ ድካም በተወጣ። እሱ ግን ለቄሳር ጻፈ፦ ወንድሙ የጉዞው ተከታይ እንጂ መሪ እንዳልነበረ፣ ከቄሳር ጋር እንዲወዳጅም ሁልጊዜ ይመክረው እንደነበር፣ የእሱ ነገር ለኩዊንተስ እንቅፋት እንዳይሆንበት አጥብቆ እንደሚለምን። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ቸርነት በአሸናፊ ፊት ጸሐፊውንም ያሳምረዋል፤ ሲሴሮም መወደስን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ደብዳቤው በጊዜው ሊያድን የሚችለው ኩዊንተስን ነው።

ይህ ይቅርታ ይባላል? ልቡ አልታረቀም፤ ለአቲከስ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች በምሬት የተሞሉ ናቸው። የበዳዩ ንስሐም የለም። ኩዊንተስ በጊዜው የማስተባበያ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ ሲሴሮ ግን ከክሱ ይልቅ ማስተባበያው ይከፋል አለ። ምክንያቱም ኩዊንተስ የተጸጸተው አቲከስን በማስቀየሙ ነው፤ በወንድሙ ላይ የጻፈው ግን ተገቢ እንደነበር አስረግጦ፣ ምክንያቶቹን በጸያፍ ቃል ዘርዝሯል። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቆ ተበዳዩን እንደገና መስደብ ማለት ነው።

ሮማውያን ለምሕረት ስም ነበራቸው፤ ክሌሜንቲያ ይሉታል። ቄሳር በእሱ ታውቋል። ይህ ምሕረት ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። የቄሳር ተቃዋሚ የነበረው ካቶ በ46 ዩቲካ ላይ ራሱን የገደለው ከቄሳር እጅ ምሕረት መቀበል ውርደት ስለሆነበት ነው። ፈላስፋው ሴኔካም ከመቶ ዓመት በኋላ ለወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ለኔሮን ስለ ክሌሜንቲያ ሲጽፍ፣ ትልቁ ትንሹን በሚቀጣበት ጊዜ የሚያሳየው ገርነት አድርጎ ፈታው። ኔሮን በ55 እ.ኤ.አ. የእንጀራ ወንድሙን ብሪታኒከስን በማዕድ ላይ በመርዝ ማስገደሉን የታሪክ ጸሐፍት ይተርካሉ፤ የሴኔካ መጽሐፍ የወጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያው ሴኔካ ስለ ቁጣ የጻፋቸውን ሦስት መጻሕፍት ያበረከተው ለገዛ ወንድሙ ነው፤ ይህም ወንድም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 አይሁድ ጳውሎስን ሲከሱ አልፈርድም ብሎ ያባረራቸው የአካይያ አገረ ገዥ ጋልዮስ ነው።

ወንድም ግን ለወንድሙ ትልቅም ትንሽም አይደለም፤ በአራት ዓመት መበላለጥ ንጉሥ አያደርግም። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ እኩዮች ሲበዳደሉ ምሕረት የሚወርድበት ዙፋን የለም። በዚያው በሮማውያን ግዛት፣ በወንጌል እንደተጻፈው፣ ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር ማለት እንዳለበት ሲጠይቅ የተሰጠው ምሳሌ ይህን ጭንቅ ያውቀዋል። ምሳሌው ንጉሥ የባሪያውን ዕዳ በመማር ይጀምራል፤ ማንኛውም ሮማዊ እስከዚህ ድረስ ይከተለዋል። ከዚያ ነገሩን ወደ ሁለት ባልንጀሮች ያወርደዋል፤ የተማረው ባሪያ እኩያውን አንቆ በያዘ ጊዜ ይፈረድበታል። በመጨረሻም ወንድምን ይቅር ማለት ከልብ እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህ መስፈርት ሲሴሮ ይወድቃል። ግን ከልቡ በፊት እጁ ይቅር ብሏል፤ ልቡ እስኪበርድ ቢጠብቅ ኖሮ ቄሳር ሳይፈርድ አይቆይም ነበር።

እጅ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ምን እንደሚሆን ሮም በተደጋጋሚ አይታለች። በ43 የሦስቱ ገዥዎች የሞት መዝገብ ሲወጣ ከሦስቱ አንዱ የሆነው ሌፒደስ የገዛ ወንድሙን ስም አስገባ። ወንድሙ ወታደሮቹ ስላሳለፉት አመለጠ፤ በኋላ እንዲመለስ ቢፈቀድለትም ሚሊጢን ላይ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ ደግሞ በ211 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አባታቸው ተስማምታችሁ ኑሩ ብሎ በሞተ በዓመቱ ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሙን በእናታቸው እቅፍ ውስጥ አስገደለ። ስሙም ከሐውልት ሁሉ እንዲፋቅ አዘዘ፤ በሮም አደባባይ በቆመው የአባታቸው የድል ቅስት ላይ የፍቀቱ ምልክት ዛሬም ይታያል።

ሲሴሮና ኩዊንተስ ታርቀዋል። እንዴትና መቼ እንደሆነ ግን በዝርዝር የሚተርክ ደብዳቤ አልቀረልንም፤ እየቆየ ስድቡ ከደብዳቤዎቹ ጠፋ እንጂ። ቄሳር ሁለቱንም ምሯል። በ43 የሁለቱም ስም በሞት መዝገቡ ላይ ሲወጣ አብረው ሸሹ፤ ፕሉታርክ እንደሚተርከው በቃሬዛ እየተጓዙ በየመንገዱ እየቆሙ ይላቀሱ ነበር። ስንቅ ስላልያዘ ኩዊንተስ ወደ ቤቱ ለመመለስ ቆረጠ፤ ተቃቅፈው ተለያዩ። ከጥቂት ቀን በኋላ አገልጋዮቹ አሳልፈው ሰጡት፤ ከልጁም ጋር ተገደለ። ካሲየስ ዲዮ እንደጻፈው አጎቱን ይከስ የነበረው ያ ልጅ አባቱን ደብቆ፣ ሲያሠቃዩትም አላወጣም አለ፤ አባቱ አዝኖለት ራሱ ወጥቶ እጁን ሰጠ። ሲሴሮ ዲሴምበር 7 ተገደለ።

ፕሉታርክ አንድ ነገር ይጨምራል። ሲሴሮ የሸሸበትን መንገድ ለገዳዮቹ የጠቆመው ኩዊንተስ ነጻ ያወጣው፣ ሲሴሮ ያስተማረው ፊሎሎገስ የሚባል ወጣት ነበር። ከሦስቱ ገዥዎች አንዱ የነበረው አንቶኒ ፊሎሎገስን ለፖምፖኒያ አሳልፎ ሰጠው፤ እሷም የገዛ ሥጋውን እየቆረጠ፣ እየጠበሰ እንዲበላ አደረገችው ይባላል። ይህን አሰቃቂ በቀል ብዙዎች ተቀባብለውታል። የሲሴሮ ጸሐፊ የነበረው፣ ታሪኩንም የጻፈው ቲሮ ግን የፊሎሎገስን ክህደት ፈጽሞ እንዳላነሣ ራሱ ፕሉታርክ ይናገራል።