ለስድስት ወር ሕፃን የሚሰጥ መልስ

ልጆቼ፣ በገዳሪፍ ከተማ፣ በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች፣ ከገላባት ማዶ በመተማም የምትኖሩ አዲስ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስድስተኛ ወሩን ሲደፍን ያየ ሁሉ የሚጠይቃችሁ «ምግብ ጀመረ ወይ?» እያለ ነው። ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ ከጡት በተጨማሪ ምግብም መልስም ይፈልጋል። መልስ የምለው ድምፅ ሲያወጣ ድምፅ መመለስን፣ እጁን ሲሰድ የሚጨብጠውን ማቅረብን፣ አፉን ሲገጥም መጥገቡን ማወቅን ነው። ሁለቱን ለየብቻ አትስጧቸው። ገንፎው የሚቀርብበት ሰዓት የመነጋገሪያው ሰዓትም ይሁን።

ከምግቡ ልጀምር። እስከ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በዚህ አገር ሙቀት፣ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያነድበት ወቅት እንኳ ውሃ አያስፈልገውም። የእናት ወተት ከመቶው 88 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። በአህያ ጋሪ እየዞረ የሚሸጠው ውሃ ግን ጥሙን ከማርካት ይልቅ ተቅማጥ ነው የሚያመጣለት። ከስድስት ወር በኋላ ነገሩ ይለወጣል፤ ከማኅፀን ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን እያለቀ ይሄዳል፣ ወተቱም ብቻውን አይበቃም። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፣ ምግቡ ይታከልበታል። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ሆዱ ገና ነው» ተብሎ ውሃ ውሃ የሚል አጥሚት ይሰጠዋል። ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሦስት የቡና ሲኒ ያህል ነው። ያቺ ትንሽ ቦታ በውሃ ከተሞላች ኃይል ሰጪው ምግብ የት ይገባል? ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ ይሁን። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሁለቴ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመር።

ገዳሪፍ ደግሞ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ ድህነት ቢኖርም እነዚህ ከእጅ አይርቁም። ማሽላ ብቻውን ግን ደካማ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቀድሞ ማቡካት ወይም ማብቀል ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ ጥቂት የብቅል ዱቄት ወፍራሙን ገንፎ ዱቄቱ ሳይቀነስ ያለሰልሰዋል። ብቅሉን ስታዘጋጁ ቡቃያውን አሽታችሁ አራግፉ፣ ገንፎውንም በደንብ አብስሉት፤ ለጋ ማሽላ መርዝ እንዳለው ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቃል። ተቆልቶ የተፈጨ ሰሊጥ ወይም ለውዝ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት (ያልተፈጨ ለውዝ ያንቃል፣ አደራ)። ምስር፣ እንቁላል፣ ሲገኝ በደንብ የበሰለ ጉበት ብረቱን ይተኩለታል። ሻይ ግን፣ በወተትም ቢሆን፣ ለሕፃን አይሰጥ፤ የምግቡን ብረት ይዞ ያስቀርበታል። ሻይ በምትወድ ከተማ ውስጥ ይህን መናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ሻይ ለሕፃን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሕፃኑ ዝም ተብሎ ቢቀመጥ የሚጎድልበት ነገር አለ። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከጃማይካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናት ተመረጡ፤ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ለገሚሶቹ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል የጤና ሠራተኛ ቤታቸው እየሄደች፣ ከተጣለ ነገር በተሠራ መጫወቻ እናትና ልጅ አብረው እንዲጫወቱ ሁለት ዓመት አስተማረች። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታዩ እነዚያ ልጆች ይህን ካላገኙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው። ከቀሩት መካከል ተጨማሪ ምግብ ብቻ ያገኙት ግን እንዲህ ያለ ዘላቂ ለውጥ አላሳዩም። ይህ ምግብን አያቃልልም፤ ምግብ ብቻውን ሥራውን እንደማይጨርስ ነው የሚያሳየው።

«እኛ ግን በስደት ላይ ነን፤ አገራችን ስንገባ እናሳድገዋለን» የሚል አይጠፋም። ኡም ራኩባን ተመልከቱ። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ቦታ ነው፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። በ2013 ለጥቂት ወራት ብለው የገቡ እናቶች የወለዷቸው ልጆች መቀመጥንም መናገርንም የተማሩት እዚያው ነው። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ብዙዎች ሕፃን አዝለው በመተማ በኩል ተመለሱ፤ የሕፃኑ አእምሮ ግን ጉዞው እስኪያልቅ ቆሞ አልጠበቀም። መጫወቻውም ቢሆን ውድ አይደለም። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ ማሽላ ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና በአንድ ጎኑ አንኳኩለት። ወደ ድምፁ ይዞራል፣ ዓይኑን ይተክላል፣ ሁለት እጁን ይሰዳል፣ ይዞ ወደ አፉ ይወስደዋል፤ ሲወድቅበት ተከትሎ ያየዋል። በዚያች ደቂቃ ብዙ ነገር ተማረ።

ሁለተኛው መከራከሪያ የጊዜ ነው፤ ይህኛውን አቃልዬ አላልፈውም። ከንጋት እስከ ማታ ሻይ የምትሸጥ እናት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወራት የሚርቅ አባት ቁጭ ብለው ይጫወቱ ማለት ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን አዲስ ሰዓት አልጠየቅኋችሁም። ሕፃኑ መታጠቡ፣ መጉረሱ፣ መታዘሉ አይቀርም፤ በዚያው ጊዜ ፊቱን እያያችሁ አናግሩት፣ «እ-እ» ሲል ጠብቃችሁ መልሱለት፣ ነጠላውን ፊታችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ግለጡለት። ቀን የምትይዘው ታላቅ እኅቱ ወይም ጎረቤት ከሆነች እሷንም አሳዩአት። አባት ማታ ሲገባ ሕፃኑን ተቀብሎ ያጉርሰው፤ ማንኪያ መያዝ ወንድን አይቀንሰውም። «እኛስ ያለዚህ አድገን የለ?» ለሚሉም፣ አያቶቻችን «እሹሩሩ» እያሉ ማዘላቸው ይኸው ራሱ አልነበረም ወይ? ዛሬ ያ ቦታ በስልክ እየተያዘ ስለሆነ ነው የምናገረው።

ልጃችሁን ከሌላ ልጅ ጋር ሲያነጻጽሩባችሁ አትረበሹ። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እንዳየው ያለ ድጋፍ መቀመጥ በአንዱ ገና በ4 ወር፣ በሌላው በ9 ወር ይመጣል። ጭራሽ ሳይድሁ የሚራመዱም አሉ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በስድስት ወሩ አንገቱ ያልጸና፣ ለድምፅ የማይዞር፣ እጁን የማይሰድ፣ ወይም የቻለውን ነገር የተወ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

የሕፃኑ ለቅሶም ጥያቄ ነው፤ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሲያተኩሰው፣ ድዱ አበጥ ሲል «ግግ ነው» ተብሎ በብረት ይነቀላል፤ ልማዱ ከድንበሩ በሁለቱም ወገን አለ። ያ እብጠት ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ ነው። ተቅማጡን ያመጣው ግን መሬት የነካውን ሁሉ ወደ አፉ መውሰዱ፣ ያደረ ገንፎና ያልታጠበ እጅ ነው። ድዱ ሲፈነቀል ደም ይፈሳል፣ መመረዝ ሊከተል ይችላል፣ በስንት ሕፃን አፍ ውስጥ የዞረ ብረት ኤችአይቪም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ኋላ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ለተቅማጥ ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ዚንክ፣ የማይቋረጥ ጡት ነው መድኃኒቱ፤ ትኩሳት ካለ ደግሞ በዚህ የወባ አገር የደም ምርመራ ይቅደም። ለልጃችሁ ድድ ብረት ይዞ የመጣ ሰው፣ ዘመድም ይሁን የተከበረ ሽማግሌ፣ በአክብሮት ከደጃፍ ይመለስ።