502 ያለው ማን ነው?

በላፕቶፕ ላይ ወራት ሙሉ ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ መተግበሪያ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ለሕዝብ ሲከፈት፣ አንዳንዴ ነጭ ገጽ ላይ 502 የሚል ቁጥር ብቻ ያሳያል። በዚያች ሰዓት እጅ ወደ ማስተካከል ይቸኩላል። አንዱ መስመር ይቀየራል፣ ሌላው ይሰረዛል፣ ሰርቨሩ ደጋግሞ ይነሣል። እኔ ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ይህን ቁጥር የተናገረው ማን ነው? የተናገረውስ ስለ ማን ነው?

ዛሬ አብዛኛው መተግበሪያ ከጎብኚው ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም። ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቺ እንደ ቤተ መንግሥት አጋፋሪ ደጅ ላይ ቆሞ የመጣውን ይቀበላል፣ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፣ መልሱን ይዞ ይወጣል። ኢጎር ሲሶየቭ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂንኤክስ 502 ሲል ስለ ራሱ መውደቅ አይናገርም፤ ከውስጥ የሚሆን መልስ አላገኘሁም ማለቱ ነው። እንግዲያው ቁጥሩን ያየ ሰው ቢያንስ አጋፋሪው በሥራ ላይ እንዳለና ጥያቄው እስከ እሱ እንደደረሰ ያውቃል። 504 ከሆነ የውስጡ በተሰጠው ጊዜ፣ ካልተቀየረ በ60 ሰከንድ፣ አልመለሰም። 500 ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው መተግበሪያው ራሱ ነው።

ለጎብኚው የሚታየው ገጽ ያጠረው ሆን ተብሎ ነው፤ የቤት ውስጥ ዝርዝር ለማንም አይገለጥም። ሙሉው ቃል ያለው በኤንጂንኤክስ የስሕተት ሎግ ውስጥ ነው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ እዚያ 111 ተጽፎ ከተገኘ፣ በተባለው ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም። 2 ከሆነ ሁለቱ የሚገናኙበት የሶኬት ፋይል በተባለው ቦታ አልተገኘም። 13 ከሆነ መግቢያ ተከልክሏል። በውጭ ሦስቱም አንድ 502 ናቸው።

በዚህ በ13 ላይ ብዙ ሰው ፈቃዱን 777 አድርጎ ለሁሉም ሁሉን ይከፍታል። ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምስክሩን ሳይሰሙ አፉን መዝጋት ነውና። ደግሞም የተዘጋው ፋይሉ ላይሆን ይችላል። ከላዩ ካሉት ፎልደሮች አንዱ ለኤንጂንኤክስ ተጠቃሚ ማለፊያ ካልሰጠ፣ ወይም በሬድ ሃት ዘር ሰርቨሮች ላይ ኤስኢሊኑክስ ከከለከለ፣ የፋይሉ 777 ምንም አይፈይድም።

የተናጋሪው ማንነት ትርጉምን ምን ያህል እንደሚለውጥ 127.0.0.1 ያሳያል። ይህ አድራሻ ሁልጊዜ «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ኤንጂንኤክስና መተግበሪያው በአንድ ማሽን ላይ ሲኖሩ ይስማሙበታል። ሁለቱ በየራሳቸው የዶከር ኮንቴይነር ሲቀመጡ ግን ኤንጂንኤክስ በዚያ አድራሻ የሚያንኳኳው የገዛ ቤቱን ነው። አንዲት ፊደል ሳትቀየር ትክክል የነበረው መስመር ስሕተት ይሆናል።

እኛን በተለይ የሚነካም አለ። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ መተግበሪያውም በላፕቶፕ ላይ አማርኛን ያለ ችግር ያነባል። ሰርቨር ላይ ግን ተጠቃሚው «የልደት ምስክር ወረቀት» ብሎ የሰየመውን ፋይል ሲልክ 500 ሊመጣ ይችላል። ኮዱ ተመርምሮ ስሕተት አይገኝበትም። የመተግበሪያው ሎግ ግን ፕሮግራሙ ስሙን በአስኪ ሊጽፍ ሞክሮ እንዳልቻለ ይናገራል። አስኪ የሚያውቀው 128 ምልክቶችን ብቻ ሲሆን፣ አንዱም የእኛ አይደለም። ፕሮግራሙ አስኪን አልመረጠም፤ ሰርቨሩ ሲያስነሣው የቋንቋ ቅንብር ስላልሰጠው ባዶውን ወረሰ እንጂ። በላፕቶፑ ላይ ያን ቅንብር ማንም ሳያስበው ስርዓተ ክወናው ሰጥቶት ነበር። ጃንጎ የተባለው የድር መተግበሪያ መሥሪያ ሰነድ ከአፓቺ ጋር ስለ መጫን ሲያስረዳ ይህንኑ ችግር ለይቶ ያነሣል። መፍትሔው በአገልግሎቱ ማስነሻ ፋይል ላይ ዩቲኤፍ-8ን የሚጠራ አንድ መስመር መጨመር ነው። ከዚያ አገልግሎቱን ዳግም አስነሥቶ፣ ሙከራውን በእንግሊዝኛ በተሰየመ ፋይል ሳይሆን በዚያው በአማርኛው ማድረግ ያስፈልጋል።