ዝና የሥራ ሚዛን ነውን?

አንድን ሰው ዐወቅሁት ለማለት ከሥራው ስንቱን ማየት ይበቃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዳኛም ቢሆን፥ አስተማሪም ቢሆን፥ ጓደኛም ቢሆን፥ በሰው ላይ የሚፈርድ ሁሉ በየቀኑ ሳያስበው የሚመልሰው ጥያቄ ነው። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት፥ በአንድ የፈተና ወረቀት ሰነፍ የተባለ ልጅ በሌላው ጉብዝናው ሲገለጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ምሳሌዬን ከሙዚቃ እወስዳለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔን ከሚያስደስቱልኝ ነገሮች አንዱ የቆየ ሸክላ ማዳመጥ ነውና። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቻርልስ ሚንገስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ነበረ። በ1922 በአሪዞና ክፍለ ግዛት ኖጋሌስ በምትባል ከተማ ተወልዶ፥ በሎስ አንጀለስ ዋትስ በሚባለው ሰፈር አደገ። በልጅነቱ ቼሎ ይማር ነበር። በዚያ ዘመን ግን የታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች በር ለጥቁር ሰው ዝግ ነበርና፥ ወደ ኮንትራባስ ተሻግሮ የጃዝ ሙዚቀኛ ሆነ። ኮንትራባስ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፥ አራት አውታር ያለው፥ በጣት ወይም በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ድምፁ እንደ በገና ወደ ታች ይወርዳል። ሌሎቹ መሣሪያዎች ዜማውን ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ፥ እርሱ ከሥር ሆኖ ይሸከማቸዋል።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በአራት ድምፅ እንዘምር ነበር። ሰሚው ሁሉ የሚያመሰግነው ከፍ ባለው ድምፅ የሚዘምሩትን ነው፤ ባሶቹን ማንም አያስታውሳቸውም። ነገር ግን ባሶቹ በቀሩበት ቀን መዝሙሩ መሠረት እንደሌለው ቤት ይሆናል። ሰሚው የጐደለውን በስሙ ለይቶ ባይጠራው እንኳ፥ አንድ ነገር እንደ ጐደለ ያውቃል። የማይሰማ የሚመስለው ነገር ዋጋው የሚታወቀው ሲታጣ ነው።

በሚንገስ ስም ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሸክላ፥ በ1959 ኮሎምቢያ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ያወጣው «ሚንገስ አህ አም» ነው። በእርሱ ውስጥ በዚያው ዓመት ለሞተው ለሳክስፎን ተጫዋቹ ለሌስተር ያንግ መታሰቢያ የተሠራ የሐዘን ዜማ አለ፤ ሰምቶ የማይነካ ልብ ጥቂት ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ በዚህ ሸክላ ተደስቼ ኖርሁ። በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፥ በውጭ አገር የሚኖር፥ እምብዛም ስማቸው የማይነሣ የዚሁ ሰው ሥራዎች እየሰበሰበ ይልክልኝ ጀመር። ያን ጊዜ የቆየው ጥያቄ በአዲስ መልክ መጣብኝ።

በታዋቂው ሸክላ ውስጥ «የፎበስ ተረቶች» የሚል ሙዚቃ አለ። ኦርቫል ፎበስ የአርካንሳስ ገዥ ነበረ። በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በሊትል ሮክ ከተማ ወደሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የክፍለ ግዛቱን ብሔራዊ ዘብ ያቆመባቸው እርሱ ነው። በመጨረሻም ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ልከው ልጆቹ በወታደር ታጅበው ገቡ። ዕድሜዬን በትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች ስቀበል የኖርሁ ሰው ነኝና፥ በጠመንጃ የተዘጋን የትምህርት ቤት በር ሳስብ ደሜ ይፈላል። ሚንገስም ተቈጥቶ ነበር። ነገር ግን በ1959ኙ ሸክላ ላይ የሚሰማው የመሣሪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድም ቃል የለበትም። ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንደ ቀልድ ያለ፥ የሚያዝናና ዜማ መስሎት ያልፋል።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1960፥ ሚንገስ ያንኑ ሙዚቃ ካንዲድ ለተባለ አነስተኛ ኩባንያ እንደ ገና ቀረጸው። አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኤሪክ ዶልፊ፥ ቴድ ከርሰንና ዳኒ ሪችመንድ። በዚህኛው ላይ ቃሉ አለ። ሚንገስ እየጮኸ ይጠይቃል፤ ከበሮ መቺው ሪችመንድ ይመልሳል፤ የገዥው ስም ያለ መሸፋፈን ይጠራል። ዜማው አንድ፥ ሰውየውም አንድ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ሰው የጥበበኛውን እጅ ያውቃል እንጂ ድፍረቱን አያውቅም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት አባቶች እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ወጣት ሊቃወመኝ ይችላል። «መምህር ሆይ፥ ዕድሜ አጭር ነው፤ የሚነበበውና የሚሰማው ብዙ ነው። ጊዜ እንደ ወንፊት ነው፤ ገለባውን ጥሎ ምርቱን ያስቀራል። ታዋቂው ሥራ የታወቀው ስለሚበልጥ አይደለምን?» ይለኛል። መልሴ ይህ ነው። ወንፊቱ ብዙ ጊዜ መልካም ይሠራል፤ «ሚንገስ አህ አም» በእውነት ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ወንፊቱን የሚነቀንቀው ጥራት ብቻ አይደለም፤ የኩባንያው ጉልበት አለ፥ ዕድል አለ፥ የገዥው ወገን ጆሮ የሚወደውም ነገር አለ። ስለዚህ ዝና መልካሙን ሥራ ቢያሳየን እንኳ፥ ያላሳየን ሁሉ ገለባ ነው ማለት አይደለም።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በግንቦት 1953 ሚንገስ ከቻርሊ ፓርከር፥ ከዲዚ ጊለስፒ፥ ከባድ ፓወልና ከማክስ ሮች ጋር በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ማሲ ሆል በተባለው አዳራሽ ተጫወተ። የተቀረጸው ቴፕ ሲሰማ የኮንትራባሱ ድምፅ እጅግ ደክሞ ተገኘ። ሚንገስ ከማክስ ሮች ጋር የራሳቸውን ኩባንያ አቁመው ነበርና፥ በዚያ ሸክላውን ከማውጣቱ በፊት ድርሻውን በስቱዲዮ እንደ ገና ተጫውቶ ከላይ ደረበበት። ይህ ማታለል ነውን? እኔ አይመስለኝም፤ በዚያች ሌሊት ተጫውቷልና። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ እንደ ተቀረጸ ያለው ቅጂ ኋላ ጊዜ ሲወጣ፥ ደካማውን ባስ የሰማ ሰው ማሽኑ ከአምስቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱን ሊያጠፋው ደርሶ እንደ ነበር ያስተውላል።

በ1962 ደግሞ በኒው ዮርክ ታውን ሆል በተባለው አዳራሽ ታላቅ ድርሰቱን ሊያሰማ ተነሣ። ጊዜው አልበቃ ብሎ፥ ኖታ ገልባጮች በመድረኩ ላይ ሳይቀር ይጽፉ ነበር፤ ነገሩም ተበላሸ። ሚንገስ ጡንቻን በሚያመነምን በሽታ እጁ ከዛለ በኋላ በ1979 በሜክሲኮ ሞተ። ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹ ሲመረመሩ የድርሰቱ ጽሑፍ ተገኘና፥ በ1989 በገንተር ሹለር መሪነት 30 ሙዚቀኞች በኒው ዮርክ አሰሙት። ለመጫወት ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስሙም «ኤፒታፍ» ነው፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ማለት ነው።

እስከዚህ የተናገርሁት ሁሉ ለሰውየው ክብር የሚጨምር ነው። ነገር ግን የተሰወረውን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ወርቅ ብቻ አይደለም። ያ የታውን ሆል ዝግጅት ሲጣደፍ፥ ሚንገስ በቊጣ ባልደረባውን ትሮምቦን ተጫዋቹን ጂሚ ኔፐርን አፉ ላይ መታውና ጥርሱን ሰበረ። ትሮምቦን የሚነፋ ሰው ከአፉ በቀር ምን እንጀራ አለው? ኔፐር ከዚያ በኋላ ከፍተኛውን ድምፅ ማውጣት ተሳነው፤ ፍርድ ቤትም ሚንገስን ጥፋተኛ ብሎ በገደብ ቀጣው። ለዘጠኙ ልጆች የተቈጣው ያው ሰው፥ ቊጣውን ወዳጁ ላይ አወረደው።

እንግዲህ ይህን ምን እናድርገው? አንዳንዱ ሙዚቃውን ስለሚወድ ይህን ሊሰማ አይፈልግም፤ አንዳንዱ ደግሞ ይህን ከሰማ በኋላ ሙዚቃውን ይጥላል። ሁለቱም የሰውየውን አንድ ወገን ብቻ ወስደው ሌላውን መርምረው አልጨረሱም። ጥበቡ ጡጫውን አያጸድቀውም፤ ጡጫውም ስለ ልጆቹ የተነገረውን እውነት ሐሰት አያደርገውም። ኔፐር ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሚንገስ ጋር ተመልሶ ተጫውቷል። የተበደለው ሰው ሙዚቃውን ካልጣለ፥ ከሩቅ ለምንሰማው ለእኛ መጣደፍ አይገባንም። ሆኖም የእርሱ መመለስ በደሉን እንዳልነበረ አድርገን እንድንረሳው ፈቃድ አይሰጠንም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ሰውን በዝናው ብቻ አትመዝን፤ አድናቆት ጆሮህን እንዳይደፍነው ተጠንቀቅ፤ ነቀፌታም ሲመጣ ሚዛንህን አትጣል። የምታከብረው ሰው ቢኖር ስሙ የማይነሣውን ሥራውን ፈልገህ ስማ፥ አንብብ፥ ጠይቅ፤ ያገኘኸውንም መልካሙንና ክፉውን ሁለቱንም ተቀበል። አንተም ሰው በማይሰማህ ስፍራ ስትሠራ፥ ማንም አላየኝም ብለህ አታጓድል። ከሥር ሆኖ የሚሸከም ከሌለ ከላይ የሚዘምር የለምና።