የሚያስፈራው ጨለማው ነው?

ፈላስፋው ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው አብዝቶ የሚፈራው በግልጽ የማያየውን ነው ይላል፤ አደጋውን ከነልኩ ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ይቀልለታል። የጎቲክ ጥበብ እስከ ዛሬ የሚኖረው በዚሁ ሐሳብ ነው፦ የፈረሰ ግንብ፣ ጭጋግ፣ መልኩ የማይለይ ሰው። ፖላንዳዊው ሠዓሊ ቤክሺንስኪማ ለሥዕሎቹ ርዕስ እንኳ አይሰጥም ነበር፤ ተመልካቹ መያዣ መጨበጫ ያጣል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ግን በርክን ይሞግተዋል። በሚካኤል እግር ሥር የታሰረውን ሰይጣን ጭጋግ አልሸፈነውም። ቀንዱም፣ ጥፍሩም፣ ሰንሰለቱም በደማቅ ቀለም መካከል ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በቆየው የአሣሣል ወግ ክፉዎች የሚለዩት በሌላ ነው፤ ፊታቸው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። እኔ እንደሚገባኝ አስፈሪው የማናየው ሳይሆን፣ ፊቱን የሚነሣን ነው። ይህ ከበርክ ሐሳብ ይልቅ የጠለቀ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም እ.ኤ.አ. በ1964 የሌሊት በረራን ሲሥል፣ በርዕሱ ላይ ፍርሃትንና ደስታን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሌሊቱን ለፍርሃት ብቻ አልተወውም።

በካፋ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ ጫካ የገባ ሰው ይህ አይገርመውም። በቀትር እንኳ ከዛፎቹ ሥር ድንግዝግዝ ነው፤ ሐረጉ ተጠላልፏል፣ የጉሬዛው ድምፅ ከላይ ይወርዳል፣ የረገፈው ቅጠል እግር ሥር ረጥቦ ይሰምጣል። የዱር ቡናው የሚያድገው ግን በዚሁ ጥላ ተከልሎ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ባዮስፌር ሲመዘግብ ይህንኑ የቡና ደን ይዞ ነው። እዚህ አገር ጥላን የክፋት ምልክት ማድረግ ይከብዳል።

ካፋ አስፈሪ ነገር ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 የአፄ ምኒልክ የጦር አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን መንግሥት ጣለ፤ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው በሰንሰለት ተወሰዱ፤ ሕዝቡም በጦርነቱና ተከትሎት በመጣው የባሪያ ንግድ ተመናመነ። መንግሥቱ ድንበሩን ያጠረበት ሂሪዮ የተባለው ጥልቅ ጉድባ አላዳነውም። ይህ ሁሉ ጨለማ አላስፈለገውም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ የተደረገ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ወጣት ሠዓሊዎቻችን የሰው አገር ቁራና ግንብ ሲገለብጡ አዝናለሁ። ከቦንጋ የሚነሣ ሠዓሊ ያን ዘመን ቢሥል፣ በቀትር ብርሃን ቢሥለው እወዳለሁ፤ የተማረኩትንም ፊታቸውን ወደ እኛ አዙሮ። ሰንሰለቱን የያዘውን ሰው በጎን ይሣለው ወይስ ፊት ለፊት? ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፊቱን ሙሉ ካየነው እኛን ሊመስል ይችላል።