የመጨረሻው እጅ

አንድን ዕቃ አሥር ሰው ሲነካካው ኖሮ በአሥራ አንደኛው ሰው እጅ ላይ ቢሰበር ባለዕዳው ማነው? ጥያቄው የፍልስፍና መምህራን ተማሪ ለማስጨነቅ የፈጠሩት ይመስላል። (እነሱማ ፈጥረውታል። ኢውቡሊደስ የሚባል የጥንት ግሪካዊ፣ ከስንዴ ክምር ላይ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣን ብንሄድ ክምርነቱ የሚያበቃው በስንተኛዋ ፍሬ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ። ይኸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሰው ሲያነታርክ ይኖራል።) እኔ ጥያቄውን ያገኘሁት ግን ጊንጪ፣ አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ግራሶ በነካ እጅ ሲወራወሩት።

በሆለታና በአምቦ መካከል ያለችውን ጊንጪን የምዕራብ ሸዋ መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። ወደ አምቦ ለሠርግ ስንሄድ ጎማችን ተነፈሰ፤ ጎሚስታው ሥራውን እስኪጨርስ አጠገቡ ካለው ጋራዥ በር ላይ ዱካ ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ። ውስጥ አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ አፏን ከፍታ ቆማለች። በዚያ መንገድ የሚርመሰመሱት አይሱዙዎች በናፍጣ ስለሚሠሩ ካንዴላ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የቤንዚን ሞተር ግን ያለ ካንዴላ አይነሣም። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ቴስታታው፣ ባሌስትራው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሁሉም እንደዚያው የጣሊያን ቃል ነው። ጠላት ሄዶ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

እናላችሁ፣ ጠቡ በሦስተኛው ካንዴላ ላይ ነው። ወጣቱ መካኒክ ካንዴላ ሊለውጥ ሲፈታ፣ የቴስታታው ጥርስ ተልጦ ከካንዴላው ጋር ወጣ። ባለመኪናው፣ እህል የሚያመላልሱ ጎልማሳ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ፣

«አንተ እጅ ላይ ነው የተበላሸው፤ አንተው ትከፍላለህ!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሳልነካው በፊት ያለቀ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ሄደ? በጸሎት?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥርሱ የወጣው በልጁ እጅ ነው፤ የሞተው ግን ከልጁ በፊት ነው። ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የጋራዡ አዛውንት መካኒክ ተጠርተው መጡና ካንዴላውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። በብረቱ ጥርሶች መካከል የተላጠው አሉሚኒየም እንደ ጅማት ተጠምጥሟል።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ካንዴላው ብረት ነው፤ የሚታሰርበት ቴስታታ ግን በብዙ ሞተር ላይ አሉሚኒየም ነው። ጠንካራውና ለስላሳው በጥርስ ተያይዘው ይኖራሉ ማለት ነው። የተለመደው ቀዳዳ 14 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ሲታሰር ደግሞ መጀመሪያ በጣት እየዞረ ይገባል፤ በጣት አልሄድ ሲል፣ አዲስ ከሆነ፣ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ተጨምሮ ይተዋል። በቃ።

ለእኛ ግን «በቃ» ማለት ከባድ ነው። እንዳይላቀቅ ብለን አንዴ እንደግማለን። ይኸ አጥብቆ ማሰር ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከኃላፊነት ስሜት ነው የሚመጣው፤ ያጠበቀ ሰው ደህና የሠራ ይመስለዋል። ለስላሳው ብረት ግን በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይለጠጣል፣ ይደክማል። አዛውንቱ ባለመኪናውን ቀስ አድርገው ሲጠይቋቸው ታሪኩ ወጣ። ይህ ካንዴላ አንድ ጊዜ ነቀምት ተፈትቷል፣ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጌዶ ላይ ሾፌሩ ራሱ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ፈትቶ አስሮታል። እያንዳንዱ እንዳይላቀቅ ብሎ።

«ጥርስ ከመሞቱ በፊት ይናገራል» አሉ አዛውንቱ። «ቁልፉ መክበድ ሲገባው ይቀልልሃል። እጅህ ከዓይንህ ቀድሞ ያውቀዋል።»

ይህች አባባል ናት እስከ አምቦ ያላስቀመጠችኝ። በነቀምትም ሆነ በአዲስ አበባ ወይም በጌዶ ሌሊት፣ ከእነዚያ እጆች ቢያንስ አንዱ ቁልፉ ሲቀልለው ተሰምቶታል ብዬ አምናለሁ። ተሰምቶት ምን አደረገ? ቁልፉን ቀስ ብሎ መለሰ፣ ኮፈኑን ዘጋ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ክፉ ሰው ስለሆነ ነው? ወጣቱን መካኒክ ለብቻው ሳገኘው፣ እንዲህ ያለ የደከመ ጥርስ ሲገጥምህ ለባለቤቱ ትናገራለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቅ አለና፣ «ከተናገርኩማ አንተ ነህ ያበላሸኸው ይሉኛል» አለኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚች መልስ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የተሰበረበትን እጅ የምንቀጣ ከሆነ፣ እያንዳንዱ እጅ የሚጸልየው ዕቃው እንዳይሰበር አይደለም፤ በእሱ ተራ እንዳይሰበር ነው። የደከመውን ነገር አይቶ ዝም ብሎ ለሚቀጥለው ማስረከብ ብልህነት ይሆናል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። እውነት ነው፤ አይገባም። ዝንቡ ግን አልሞተም፣ ወደሚቀጥለው አፍ ነው የሄደው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በራሱ ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ጥፋተኛው አንድና የሚታይ ሲሆን ሥራው ይቀላል። አምስት እጅ በአምስት ከተማ ትንሽ ትንሽ ሲያጠፋስ? ነቀምት ሄዶ ማን ሊከስ ነው? ስለዚህ የቀረበውን እንይዛለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው። አህያው ነቀምት ነው፤ ዳውላው ጊንጪ ቆሟል።

ልጁን ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ ላወጣው አልፈልግም፤ አዛውንቱም አላወጡትም። ጥብቅ ያለ ካንዴላ ሲገጥምህ ዘይት ጠብ ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ጥቂት ፈትተህ ጥቂት ትመልሳለህ፤ በአንድ ጉልበት አትጎትትም አሉት። አቀርቅሮ ሰማ። ቀጥለው ፍርዳቸውን ሰጡ። ዕቃውን ባለመኪናው ይችላሉ፤ ልጁ ደግሞ ጉልበቱን በነጻ ይሰጣል። ባለመኪናው አጉረመረሙ፣ ግን ተስማሙ።

ጥገናው ራሱ ቢታይ ደስ የሚል ነገር ነው። (የእኛ ጎማ ካለቀ ቆይቷል፤ ሹፌራችን ጥሩንባ እየነፋ የሠርጉ ምሳ እንዳያመልጠን ያስጠነቅቃል።) ቴስታታው ቢወርድ ይሻል ነበር፤ ቴስታታ ማውረድ ግን ጓርኒሲዮን መለወጥ አለበት፣ ወጪው ብዙ ነው። ስለዚህ እዚያው እንዳለ ሊሠሩት ወሰኑ። የቀዳዳውን ጥርስ አስፍቶ እንደገና የሚያወጣውን መሣሪያ በግራሶ ለወሱት፤ የሚፈቀፈቀው አሉሚኒየም ግራሶው ላይ ይጣበቃል፣ ወደ ሲሊንደሩ ወርዶ ግድግዳውን አይቧጭርም። ትንሽ ያዞራሉ፣ ያወጣሉ፣ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ እንደገና ይቀባሉ። ከዚያ ቶርኖ ቤት ያስቀረጹትን፣ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለውን የብረት ቀለበት ከመሳቢያ አውጥተው አሰሩበት፤ ካንዴላው ከእንግዲህ የሚታሰረው በቀለበቱ ውስጥ ነው። በሌላው ዓለም እንደ ሞላ የተጠመጠመ ሽቦ የሚያስገቡም አሉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮች በዚያ ዘዴ ተገልግለዋል። በደንብ ከተሠራ፣ ብረቱ ከቀድሞው አሉሚኒየም ይልቅ መፍታትና ማሰርን ይችላል።

ሲጨርሱ አዛውንቱ ብሩሽ አንሥተው ሦስተኛው ካንዴላ አጠገብ ነጭ ቀለም ነካ አደረጉ። ቀጥሎ የሚፈታው ሰው አይቶ፣ ጠይቆ ይፍታ ብለው ነው። ባለመኪናው ግን ደነገጡ።

«ኧረ ይሄን አጥፉልኝ! ስሸጣት ገዢ ያያል።»

«እንዲያይ እኮ ነው» አሉ አዛውንቱ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ባለመኪናው ቀለሙን ሲያጠፉ አላየሁም። ሳያጠፉት አይቀሩም። ለነገሩ እሳቸውም ተራቸው ደርሶ ነው፤ አሁን ደግሞ የሚያስረክቡት እሳቸው ናቸው።

ከጊንጪ ስንወጣ ይህች ከተማ ጥያቄውን ከእኔ በፊት ታውቀው እንደነበር ትዝ አለኝ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤት ኳስ ሜዳና ስለ ጭሊሞ ደን ተቃውሞ ይዘው ወጡ። ተቃውሞው በኦሮሚያ ተዛመተ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። አንድ ሜዳና አንድ ደን ይህን ሁሉ ያደርጋሉ? አያደርጉም። ሜዳው የመጨረሻው ዙር ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 2006፣ እዚሁ መንገድ ላይ አምቦ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጥተው የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ቁልፉ ያን ጊዜ ቀልሏል። ያን ቅለት በእጃቸው ያወቁት የወረዳ፣ የዞን፣ የክልል ሰዎች አልነበሩም ማለት ያስቸግራል። ምን ብለው ወደ ላይ ጻፉ? ሁሉ ነገር ጥብቅ ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ሲወጣም የተጠየቀው ያጠበቀው ማነው ተብሎ አይደለም፤ ማን አነሣሣ ተብሎ ነው።

እኔ በኖርኩበት ቤትም ያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ አንቀጽ አያይዞ መጻፍ የሚቸግረው ተማሪ ክፍሌ ይመጣ ነበር። እኛ መምህራን ሻይ ላይ ሁለተኛ ደረጃውን እንረግማለን፤ ሁለተኛ ደረጃው አንደኛውን ይረግማል፤ ቀጣሪው ደግሞ እኛን። የመጨረሻው እጅ መሆን ምን እንደሚመስል ያወቅሁት እዚያ ነው። ከዚያ የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና መጣ። በጥር 2015 ውጤቱ ሲነገር፣ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ደነገጠ። ጥርሱ የተላጠው ግን በፈተናው አዳራሽ አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሰኔው፣ አንድ ሰው ካርድ ላይ እየፈረመ አሳልፎታል።

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። አራተኛ ክፍል ያስተምራሉ። በአንድ ዓመት መጨረሻ፣ በአንድ ልጅ ካርድ ላይ፣ «ማንበብ ገና አልቻለም፤ እርዳታ ያስፈልገዋል» ብለው ጻፉ። ወላጅ መጥቶ፣ «ታዲያ እርስዎ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?» አላቸው። ርዕሰ መምህሩም ቢሯቸው ጠርተው ያንኑ ጥያቄ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ደገሙላቸው። የቀደሙትን ሦስት መምህራን ማንም የጠራ የለም። በዓመቱ ሰኔ መጣና ሌላ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ካርድ ፊታቸው ተቀመጠ። ብዕሩን ይዘው ቆዩ። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ በዚሁ ይቀጥል» ብለው ፈረሙ።